ስለ ማቀዝቀዣ ሣጥን አመራረጥና አያያዝ፤ ከወይጦ ቆላ የተላከ ጽሑፍ

በተለምዶ ፍሪጅ እየተባለ የሚጠራው የማቀዝቀዣ ሣጥን ቀድሞ የታላላቅ ሆቴሎችና የባለጸጎች ዕቃ ነበረ፤ ዛሬ ግን በከተማም በገጠርም ወደ ብዙ ቤት ገብቶ ይገኛል። ይሁን እንጂ የገዢው ዓይን አስቀድሞ የሚያርፈው በሣጥኑ ቁመት፣ በበሮቹ ብዛትና በቀለሙ ማማር ላይ ነው፤ ዕቃው ከሚቀመጥበት አገር አየርና ከሚፈለግበት ሥራ ጋር መስማማቱን አጥብቆ የሚመረምር ሰው ግን ጥቂት ነው። በደጋ አገር ይህን አለመመርመር ብዙ ጉዳት ላያመጣ ይችላል። በቆላ አገር ግን ገንዘብን ከማባከን አልፎ ሕይወትን የሚነካ ነገር ነው። ስለዚህ በወይጦ ኑሮአችን ያየሁትንና ባለሙያዎችን ጠይቄ የተረዳሁትን ለአንባቢዎች፣ ይልቁንም ቤት ለሚያስተዳድሩ እመቤቶች፣ ለማካፈል አስቤአለሁ።

ወይጦ ስል በጣና ሐይቅ ዳር የሚኖሩትን በዚሁ ስም የሚጠሩትን ሰዎች ማለቴ አይደለም። የእኛ ወይጦ በደቡብ ኦሞ በጸማዮች አገር፣ ከኮንሶ ወደ ቀይ አፈርና ወደ ጂንካ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በአጠገቧ የሚያልፈውም ወንዝ ወይጦ ይባላል፤ ውኃውንም ወደ ጨው ባሕር ያፈስሳል። ጂንካ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስትገኝ የወይጦ ሸለቆ ግን ከፍታው 600 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለ አየር ጠባይ የሚያጠኑ ሊቃውንት ሰው 1,000 ሜትር በወረደ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይጨምራል ይላሉ፤ እንግዲህ ከጂንካ ወደ ወይጦ የወረደ ሰው በአንድ ቀን መንገድ ወደ ሌላ አገር እንደ ገባ ይቆጠራል። በበጋ ወራት በቀትር ጊዜ በቆርቆሮ ክዳን ሥር፣ በቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የሙቀት መለኪያ 38 ዲግሪን ሲያልፍ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

የማቀዝቀዣ ነገር ለእኛ ብርቱ ጉዳይ የሆነው በእናቴ ምክንያት ነው። እናቴ የስኳር በሽታ ስላለባቸው ኢንሱሊን የሚባለውን መድኃኒት በየቀኑ በመርፌ ይወስዳሉ። ብዙ ዘመን የኖሩት በጂንካ ነበር፤ ዕድሜአቸው ሲገፋና ብቻቸውን መኖር ሲከብዳቸው ወደ እኛ ወረዱ። ኢንሱሊን በቶሮንቶ ከተማ ተገኝቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕመምተኛ የተሰጠው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1922 ነው፤ ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ሰው ከሞት አድኗል። ነገር ግን የሙቀትም የብርድም ጠላት አለበት። ያልተከፈተው ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ አለበት። የተከፈተው እንደ ዓይነቱ አራት ሳምንት ያህል ከማቀዝቀዣ ውጭ ሊቆይ ይችላል፤ ይህም ቢሆን የክፍሉ ሙቀት ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ ሳይበልጥ ነው፤ በወይጦ ቀትር ይህ የሚገኝ ነገር አይደለም። በሌላ በኩል ደግሞ መድኃኒቱ አንድ ጊዜ በረዶ ከሆነ፣ በኋላ ቀልጦ እንደ ቀድሞው ጥሩ መስሎ ቢታይ እንኳ፣ ይጣላል እንጂ አይወሰድም። እናቴም ሲመጡ፣ «ልጄ፣ እኔ ሥጋም ወተትም ቢቀርብኝ እኖራለሁ፤ ይህች ብልቃጥ ከተበላሸች ግን ምን ይውጠኛል?» አሉኝ። እንግዲህ ስንፈልግ የነበረው ብዙ ዕቃ የሚይዝ ሳይሆን ሙቀቱ ከ2 በታች የማይወርድና ከ8 በላይ የማይወጣ፣ መብራትም ሲጠፋ ቅዝቃዜውን ይዞ የሚቆይ ሣጥን ነበር።

ስለ መጠኑ የተነሣ በቤታችን ብዙ ክርክር ሆነ። ባለቤቴ የሰባት ሰው ቤት ከ350 ሊትር ባነሰ ማቀዝቀዣ አይተዳደርም ብሎ ነበር፤ ሻጮችም ሁሉ የሚሉት ይህንኑ ነው። እኔ ግን አስቀድሞ መቆጠር ያለበት የሰው ብዛት ሳይሆን ያለ ቅዝቃዜ የማይኖረው ምግብ ብዛት ነው ብዬ ተከራከርሁ። የአገራችን ጓዳ ከጥንት ጀምሮ ያለ ማቀዝቀዣ የሚቆይ ስንቅ የሚያዘጋጅ ነው። ሥጋው ቋንጣ፣ እንጀራው ድርቆሽ ይሆናል፤ ቅቤው ይነጠራል፤ ሽሮው፣ በርበሬውና በሶው በደረቁ ይቀመጣል። ወተቱም በወይራ ጢስ በታጠነ ቅል ውስጥ ገብቶ እርጎ ይሆናል። በዙሪያችን ያሉ ከብት አርቢዎችም የወተት ዕቃቸውን በጢስ ማጠን በሚገባ ያውቁበታል፤ ጢሱ ለጣዕም ብቻ ሳይሆን ወተቱን ቶሎ የሚያበላሹትን ረቂቃን ተሐዋስያን ለማዳከም ጭምር ነው። ሽንኩርትና ድንች እንዲያውም በማቀዝቀዣ ውስጥ ከሚቀመጡ ነፋስ በሚያገኙበት ጨለማ ቦታ ቢቀመጡ ይሻላቸዋል። ሙዝም በብርድ ይጠቁራል። ይህ ሁሉ ሲቀነስ በእርግጥ ቅዝቃዜ የሚፈልገው ለሁለት ቀን የተሠራው ወጥ፣ ትኩስ ወተት፣ ጥሬ ሥጋ በተገዛ ዕለት የሚተርፈው፣ የመጠጥ ውኃና የእናቴ መድኃኒት ብቻ ሆኖ ተገኘ። ይህም ሁሉ በ100 ሊትር ውስጥ በደኅና ይገባል። ከዚያ በላይ የሆነው ቦታ ባዶ አየር ስለሚሆን፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀዝቃዛው አየር ወጥቶ ሞቃቱ ይገባበታል፤ የመብራት ሒሳብም የሚከፈለው ለእርሱ ነው። ሻይ ቤት ወይም ሆቴል ያለው ሰው ግን ለመንገደኛ የሚሸጠው ለስላሳ መጠጥ ስላለ የእርሱ ቁጥር ሌላ ነው።

ከመጠኑ የሚበልጠው ግን የሣጥኑ ዓይነት ነው። ይህን ለመረዳት የማቀዝቀዣን አሠራር ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ማቀዝቀዣ ብርድ የሚሠራ መሣሪያ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ሙቀትን ከውስጥ ተሸክሞ ወደ ውጭ የሚያወጣ ነው። በሣጥኑ ውስጥ በቀጭን ቧንቧ የሚዘዋወር ጋዝ አለ። ይህ ፈሳሽ የነበረው ጋዝ በውስጠኛው ክፍል ወደ ትነት ሲለወጥ፣ ላባችን ሲደርቅ ሰውነታችንን እንደሚያቀዘቅዘው ሁሉ፣ የምግቡን ሙቀት ይወስዳል። ከዚያ ኮምፕሬሰር የሚባለው መጭመቂያ ትነቱን አጥብቆ ይጨምቀውና እጅግ ሞቃት አድርጎ ወደ ጀርባው ወይም ወደ ጎኑ ቧንቧ ይልከዋል፤ በዚያም ሙቀቱን ለክፍሉ አየር ሰጥቶ እንደ ገና ፈሳሽ ይሆናል። እንግዲህ ሙቀቱ የሚጣለው ወደ ክፍሉ አየር ከሆነ፣ ክፍሉ አስቀድሞ የጋለ በሆነ ጊዜ ሥራው ዳገት ይሆንበታል። አንድ ኩንታል እህል ተሸክሞ በሜዳ መሄድና ያንኑ ተሸክሞ የኮንሶን ተራራ መውጣት ልዩነቱ እንዴት እንደ ሆነ የአገራችን ሰው ያውቀዋል።

ስለዚህም ነው ፋብሪካዎች ማቀዝቀዣን ለየትኛው አገር አየር እንደ ሠሩት በጀርባው ወይም በውስጥ ግድግዳው በተለጠፈው ጽሑፍ ላይ በላቲን ፊደል የሚያመለክቱት። ኤን የሚለው ፊደል የክፍሉ ሙቀት ከ16 እስከ 32 ዲግሪ ለሆነበት አገር የተሠራ መሆኑን ያስረዳል። ኤስ ቲ የሚለው እስከ 38፣ ቲ ብቻ የሚለው ደግሞ እስከ 43 ዲግሪ ድረስ መሥራት እንደሚችል ያመለክታል። በጂንካ ኤን የተጻፈበት ማቀዝቀዣ ያለ ችግር ሊያገለግል ይችላል፤ ያው ዕቃ ወደ ወይጦ ቢወርድ ግን ቀኑን ሙሉ ሳያርፍ እየጮኸ ውኃውን እንኳ በሚገባ አያቀዘቅዝም። አንድ ሻጭ ስለዚህ ጽሑፍ ስጠይቀው፣ «እመቤቴ፣ ፊደሉን ተይውና በሩን እይው፤ መስተዋት እኮ ነው» አለኝ። እኔም መስተዋቱን ትቼ ቲ የሚል እስካገኝ ድረስ ሱቅ ለሱቅ ዞርሁ። አንባቢም እንዲሁ እንዲያደርግ አጥብቄ እመክራለሁ፤ በቆላ ላለ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ይህ አንድ ፊደል ነውና።

ቀጥሎ የሚመረመረው የበሩ አከፋፈት ነው። ቀዝቃዛ አየር ከሞቃት አየር ይልቅ ከባድ ስለ ሆነ ወደ ታች ይወርዳል። በፊት ለፊት የሚከፈተው ሣጥን በተከፈተ ጊዜ ቀዝቃዛው አየር እንደ ውኃ ከእግራችን ሥር ይፈስሳል፤ ከላይ የሚከፈተው ግን ቅዝቃዜውን እንደ ጋን ይዞ ይቀራል። ይህን በዓይኔ ያየሁት በጤና ጣቢያ ነው። የሕፃናት ክትባት የሚቀመጥበትን ማቀዝቀዣ የጤና ባለሙያዋ ብታሳየኝ፣ ከላይ የሚከፈት፣ ግድግዳው ወፍራም፣ በውስጡም ዙሪያውን በረዶ የሚያዝል ሆኖ አገኘሁት። በዓለም ጤና ድርጅት መመዘኛ መሠረት እንዲህ ያለው በበረዶ የተከበበ ማቀዝቀዣ ውጭው 43 ዲግሪ ቢሆን እንኳ ያለ መብራት ቢያንስ 20 ሰዓት ክትባቱን ከ10 ዲግሪ በታች ይዞ መቆየት አለበት። በአገራችን የክትባት ፕሮግራም ከተጀመረበት ከ1972 ዓ.ም. ጀምሮ የቆላውን ሙቀትና የመብራቱን መጥፋት መቋቋም ትልቁ ጭንቅ ሆኖ ኖሯል፤ ስለዚህ የእነርሱ አመራረጥ ከሻጭ ወሬ ይልቅ ሊታመን ይገባዋል።

እኛም በዚሁ ምሳሌ 200 ሊትር ያህል የሚይዝ፣ ከላይ የሚከፈት፣ መካከሉ በግድግዳ የተከፈለ ሣጥን ገዛን። አንደኛው ክፍል ፍሪዘር ነው፤ ሁለተኛው የሚያቀዘቅዝ ብቻ ነው። የመድኃኒቱና የምግቡ ክፍል ቀደም ብዬ ከገለጽሁት ከ100 ሊትር አይበልጥም። ፍሪዘሩን የሞላነው በሥጋ ሳይሆን በውኃ ነው፤ ይኸውም በተለምዶ ሃይላንድ የሚባሉትን ባለ ሁለት ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙሶች አፋቸው ድረስ ሳንሞላ አሥሩን በረዶ አደረግናቸው። ውኃ በረዶ ሲሆን ስለሚያብጥ ጥቂት ቦታ ካልተተወለት ጠርሙሱ ይሰነጠቃል። ጎረቤቶቻችን ይህን ሲያዩ፣ «እነዚህ ሰዎች ገንዘባቸውን ከፍለው ውኃ ያኖራሉ» እያሉ ይስቁ ነበር።

በ2016 ዓ.ም. በመጋቢት ወር መብራት ሰኞ ከቀትር በኋላ ጠፋና ረቡዕ ጠዋት መጣ። ያን ጊዜ ሙቀቱ በሌሊት እንኳ ዕረፍት የማይሰጥ ነበር። ወዲያውኑ የሣጥኑን ክዳን ዘግተን በላዩ ወፍራም ጋቢ ደረብንበት፤ ልጆችም ውኃ ለመጠጣት እንዳይከፍቱት እናቴ ራሳቸው በአጠገቡ ወንበር አድርገው ተቀመጡ። በማታው አራት ጠርሙስ በረዶ ከፍሪዘሩ አውጥተን ወደ ሁለተኛው ክፍል አዛወርን። በዚህ ላይ የጤና ባለሙያዋ ያስተማረችኝ አንድ ጥበብ አለ፤ ይኸውም ከፍሪዘር የወጣ በረዶ ወዲያው ከመድኃኒት አጠገብ ቢቀመጥ መድኃኒቱን ሊያቀዘቅዘው ሳይሆን በረዶ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ጠርሙሱ በውጭ ሆኖ ላብ እስኪያወጣና ሲነቀንቁት በውስጡ የውኃ ድምፅ እስኪሰማ ይጠበቃል፤ ከዚያ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይገባል። ክትባት ይዘው ወደ መንደር የሚወጡ ሠራተኞች ሁልጊዜ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ማክሰኞ ጠዋት መለኪያው 5 ዲግሪ አሳየ፤ ማታ 7 ሆነ። የቀሩትን ጠርሙሶች ስንጨምር ረቡዕ ሊነጋጋ ሲል 8 ላይ ቆሞ ነበር። በዚያው ጊዜ ባለ ሁለት በር ማቀዝቀዣ ያላት ጎረቤታችን ማክሰኞ በማለዳ ሥጋውንና ወጡን አውጥታ ለውሻ ሰጠች። እርስዋም የማትከሰስበት ነገር ነው፤ በፊት ለፊት የሚከፈት ማቀዝቀዣ በሩ ሳይከፈት ቢቆይ እንኳ ምግብን በደኅና የሚጠብቀው አራት ሰዓት ያህል ብቻ እንደ ሆነ ባለሙያዎች ያስተምራሉ። ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን ጠርሙስ በረዶ የማያደርግ ቤት የለም።

መብራት ከመጥፋቱም የከፋ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ሲመጣ በደካማ ወይም በብርቱ ኃይል መምጣቱ ነው። በኦሞ ወንዝ ላይ የተሠራው ግልገል ጊቤ ሦስት በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት ችሎታ ያለው ታላቅ ሥራ ነበረ፤ ነገር ግን ኃይል በረጅም ሽቦ ተጉዞ ጫፍ ላይ ሲደርስ እንደሚደክም ማንም የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ያውቃል። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ይባላል፤ በማታ ሁሉም ምጣዱን በሚጥድበት ሰዓት ግን በቤታችን መለኪያ ከ170 በታች የወረደበት ጊዜ አለ። ኮምፕሬሰር ሲነሣ ከመደበኛው ሥራው ብዙ እጥፍ የሆነ ኃይል ይፈልጋል፤ ይህን ኃይል ካጣ መነሣት አቅቶት ያቃስታል፣ ሽቦውም ይግልና ይቃጠላል። ስለዚህ ስታቢላይዘር የሚባለውን የኃይል አስተካካይ አብሮ መግዛት የማይቀር ወጪ ነው። በምርጫ ጊዜም መብራት ከተመለሰ በኋላ ሦስት ወይም አምስት ደቂቃ ቆይቶ ኃይል የሚለቀው ይመረጥ፤ ኮምፕሬሰሩ ከቆመ በኋላ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት እስኪስተካከል ያን ያህል ጊዜ ያስፈልገዋልና። ማቀዝቀዣን፣ ምጣድንና ቴሌቪዥንን በአንድ ዲቫይደር ላይ ሰክቶ መኖር ደግሞ እሳት መጋበዝ ነው። ለማቀዝቀዣው የራሱ ሶኬት ይሰጠው፤ የመሬት ሽቦውም በትክክል የተያያዘ ይሁን። ሣጥኑን ሲነኩት የሚያንዘረዝር ከሆነ ነቅሎ ባለሙያ መጥራት እንጂ ጫማ አድርጎ መክፈትን መልመድ አይገባም።

ማቀዝቀዣው ከሩቅ አገር በአይሱዙ ተጭኖ የሚመጣ ከሆነ ቆሞ መጫኑን ማረጋገጥ ይገባል። ተጋድሞ ሲመጣ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቧንቧው ይሄዳል፤ ስለዚህ ከወረደ በኋላ ቆሞ ሙሉ ሌሊት ሳይሰካ መቆየት አለበት። ልጆች ለስላሳ መጠጥ እንዲቀዘቅዝላቸው ሲያጣድፉ ይህን መጠበቅ ቀላል አይደለም።

የሚቀመጥበትም ቦታ ከምድጃ፣ ከምጣድና ፀሐይ ከሚያርፍበት ግድግዳ የራቀ ይሁን፤ በጀርባውና በጎኖቹም ቢያንስ አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ቦታ ይተውለት። በዛሬ ጊዜ የሚሠሩ ብዙ ማቀዝቀዣዎች ሙቀት የሚያወጣው ቧንቧቸው በጎን ግድግዳቸው ውስጥ የተቀበረ ስለ ሆነ ጎናቸው ሲነካ ይሞቃል። አንዳንድ ሰዎች ይህን ብልሽት መስሏቸው ባለሙያ ይጠራሉ፤ ብልሽት አይደለም፤ እንዲያውም ጎኑ ፈጽሞ የማይሞቅ ከሆነ ነው መጠርጠር።

ስለ ብልሽት ካነሣሁ፣ በቆላ አብዛኛው ችግር ከአቧራ የሚመጣ ነው። ከመንገዱ የሚነሣው አቧራ በጀርባው ፍርግርግ ላይ ተጋግሮ ሙቀቱ እንዳይወጣ ብርድ ልብስ ይሆንበታል። ማቀዝቀዣው ሳያቋርጥ እየሠራ የማያቀዘቅዝ ከሆነ አስቀድሞ ተነቅሎ ጀርባው በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ። ቀጥሎ የበሩ ጎማ ይመርመር፤ አንድ ወረቀት በበሩ መካከል ተደርጎ ከተዘጋ በኋላ ሲጎትቱት ያለ ችግር የሚወጣ ከሆነ ጎማው አየር ያስገባል። አንዳንድ ጊዜ በሙቅ ውኃና በሳሙና ማጠብ ብቻ ያድነዋል፤ የደረቀ ከሆነ ግን ይለወጥ። በሚያቀዘቅዘው ክፍል ሥር ውኃ የሚያቁር ከሆነ ብዙውን ጊዜ የተደፈነችው ትንሿ የውኃ መውረጃ ቀዳዳ ናት። በረዶ ሲጋገር ማቀዝቀዣውን ነቅሎ እስኪቀልጥ መታገሥ እንጂ በቢላዋ መፈልፈል ክፉ ልማድ ነው፤ ቢላዋ ከበረዶው ሥር ያለውን ቧንቧ ቢበሳ ጋዙ ወጥቶ ያልቃል፤ በዚያ ቦታ የተበሳ ቧንቧም ተጠግኖ እንደ ቀድሞው መሆኑ እምብዛም ነው።

ኮምፕሬሰሩ «ጠቅ» ብሎ ለመነሣት ሞክሮ የሚቆም ከሆነ መጀመሪያ የመብራቱ ኃይል ይለካ። ኃይሉ ደኅና ከሆነ ማስነሻዋ ተበላሽታ ይሆናል፤ እርስዋ ትንሽና ርካሽ ዕቃ ናት። ሳይመረምሩ «ኮምፕሬሰሩ ሞቷል» የሚሉ ጠጋኞች አሉ። እንዲሁም «ጋዝ አልቋል» ብሎ ብቻ ሞልቶ የሚሄድ አለ። ጋዝ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ሲዘዋወር የሚኖር እንጂ እንደ ላምባ እየተቃጠለ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ካለቀ የወጣበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው፤ ቀዳዳው ሳይፈለግ የተሞላ ጋዝም ከጥቂት ወራት በኋላ ዳግመኛ ያስከፍላል። በአዳዲሶቹ ማቀዝቀዣዎች ውስጥ ያለው አር 600 ኤ የሚባለው ጋዝ በእሳት የሚነድድ ስለ ሆነ፣ በኩሽና ውስጥ ምድጃ እየነደደ ቧንቧ የሚበይድ ጠጋኝ ከቤት ይውጣ ብዬ ያለ ይሉኝታ እናገራለሁ። ከዚህ ቀደም ይሠራበት የነበረው አር 12 የተባለው ጋዝ አይነድድም ነበር፤ ነገር ግን ምድርን ከፀሐይ ብርቱ ጨረር የሚጋርደውን የኦዞን ሽፋን የሚጎዳ ሆኖ ስለ ተገኘ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1987 በሞንትሪያል በተደረገው ስምምነት መሠረት እንዲቀር ሆኗል። እጅግ ያረጀ ማቀዝቀዣ በርካሽ ሲቀርብ ይህን ማሰብ ይጠቅማል፤ ጋዙ ቢወጣ የሚተካው አይገኝምና።

ከቤት ርቀን ወደ ጂንካ ወይም ወደ አርባ ምንጭ ስንሄድ አንዲት ቀላል ዘዴ እናደርጋለን። በፍሪዘሩ ውስጥ አንድ ኩባያ ውኃ በረዶ ይሆንና በላዩ የአንድ ብር ሳንቲም ይቀመጣል። ስንመለስ ሳንቲሙ በላይ ካለ መብራት ብዙ አልጠፋም፤ ወደ መካከል ወይም ወደ ታች ወርዶ ከተገኘ ግን በረዶው ቀልጦ እንደ ገና ረግቶአል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ሥጋው ቢሸትም ባይሸትም አይበላም። ምግብ በ4 ዲግሪና ከዚያ በታች ካልሆነ ተሐዋስያኑ ይራባሉ፤ ሽታቸው የማይታወቅም አሉ። የተሠራ ወጥም ከእሳት ከወረደ በኋላ በእኛ አገር ሙቀት ከአንድ ሰዓት በላይ በውጭ መቆየት የለበትም፤ በሰፊ ዕቃ ገልብጦ ቶሎ ማብረድና ማስገባት ነው።

መብራት ፈጽሞ ለሌለው ቤት በድሮ ጊዜ በላምባ ፋኖስ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ነበረ። እሳት ብርድ ሲሰጥ ማየት ለብዙ ሰው ተአምር ይመስል ነበር፤ ይህን ዓይነት ማቀዝቀዣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1922 የፈለሰፉት ባልትዛር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ የሚባሉ የስቶክሆልም የቴክኒክ ትምህርት ቤት ሁለት ወጣት ተማሪዎች ናቸው። ዛሬ ግን በፀሐይ ኃይል የሚሠራው ይሻላል። በተለይም በባትሪ ፈንታ በቀን በረዶ እያዘጋጀ በሌሊት በዚያ የሚቆየው ዓይነት ባትሪ የመለወጥ ወጪ የለበትም፤ ፀሐይ እንደ ሆነች በወይጦ አትነጥፍም። ዋጋው ገና ከብዙ ሰው ዐቅም በላይ ነው። ይህም ለማይቻለው ሁለት የሸክላ ዕቃ፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ ገብቶ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ ተደርጎ በጥላና በነፋስ ቢቀመጥ፣ አየሩ ደረቅ በሆነበት ወራት የተከፈተውን ኢንሱሊን ከቀትሩ ሙቀት ይጠብቀዋል። ያልተከፈተውን ለማኖር ግን አይበቃም፤ ከጤና ጣቢያ ጋር መነጋገር ያስፈልጋል።

በእኛ ቤት የመድኃኒቱ ቦታ በሚያቀዘቅዘው ክፍል መካከል በተንጠለጠለች ትንሽ ቅርጫት ውስጥ ነው፤ ከፍሪዘሩ በኩል ያለውን ግድግዳ እንዳይነካ ይህን መረጥን። ከጎኑ የሙቀት መለኪያ አለ። እናቴም በጠዋትና በማታ ራሳቸው እያነበቡ ቁጥሩን በደብተር ይጽፋሉ፤ ዓይናቸው ሲደክም የልጅ ልጃቸው ያነብላቸዋል። ሁለት ዓመት ሊሞላው በተቃረበው በዚህ ደብተር 9 የሚል ቁጥር ሦስት ጊዜ ብቻ ተጽፎ ይገኛል፤ ሁለቱ በመጋቢት፣ አንዱ ደግሞ የጥምቀት እንግዶች ክዳኑን ክፍት ትተውት በሄዱ ዕለት።